ጥያቄና መልስ፦ እናት አባት የተከሉትን እንዴት እናቆየው?

በጓሮና በአበባ ዓምዳችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ከሐዘን ቤት የሚላኩት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። እናት ወይም አባት ካረፉ በኋላ ልብሱ ይከፋፈላል፣ ዕቃው ይነሳል፤ ተክሉ ግን ውኃ ይፈልጋል፣ ቀን አይሰጥም። ለዛሬ ስድስቱን መርጠናል። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር፦ ዋናውን ተክል ከመንቀልዎ፣ ከመግረዝዎ ወይም ዕቃውን ከመለወጥዎ በፊት ከእሱ የወጣ ሁለተኛ ተክል በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቤት ይኑር። ደብዳቤ ከጻፉልን መካከል ተክሉ የሞተባቸው አብዛኞቹ ቸል ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ከመጠን በላይ የተንከባከቡና አንድ ብቻ የነበራቸው ናቸው።

እናታችን ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። የኖረችበት ቤት ሊፈርስ ስለሆነ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንለቃለን። ግቢው ውስጥ ትልቅ ጌሾ፣ ቀይ ጽጌረዳና ያረጀ ኮክ አለ፤ በረንዳው ላይ ደግሞ በዘይት ጣሳ የተተከሉ ጄራኒየሞች። የምንገባው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቱን ይዘን የቱን እንተው?
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

ነፍሷን ይማር። ስድስት ሳምንት አጭር ቢሆንም ለአብዛኛው ይበቃል፤ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ከኮኩ እንነሳ፤ ዛፉን ይተዉት። ኮክ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ግንዱ ሙጫ እያለቀሰ ይደክማል። ያረጀ ኮክ ነቅሎ መትከል ጉልበትና ገንዘብ ማባከን ነው። ፍሬ ካለው ግን ፍሬውን ያስቀምጡ። በደንብ የበሰሉትን መርጠው ሥጋውን ያጥቡ፣ ፍሬውን ለጥቂት ቀን በጥላ ያድርቁ፣ ቅርፊቱን በመዶሻ ቀስ ብለው ሰንጥቀው ውስጡን ሳይጎዱ ያውጡ። ከዚያ በእርጥብ አሸዋ አድርገው በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር አይደለም) ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያቆዩት። ይህ ቅዝቃዜ ካልተሰጠው ብዙው አይበቅልም። ኮክ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ስለሚይዝ ልጁ ከእናቱ ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም ፍጹም አንድ ዓይነት ይሆናል ብለው አይጠብቁ። በሦስት በአራት ዓመቱ ያፈራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቦታ ስለማይኖረው ገና ከአሁኑ ግቢ ያለው ዘመድ ይፈልጉለት።

ጽጌረዳው ይቆረጣል። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አበባው በቅርቡ የረገፈ ቅርንጫፍ ይምረጡ፤ ገና ለምለም የሆነው ይበሰብሳል፣ ፈጽሞ የጠነከረው ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቢያንስ አራት አንጓ ያለው ይሁን። ከታች ከአንጓው ሥር በአግድም ሳይሆን በሰያፍ ይቁረጡ፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርተው ሌላውን ያንሱ። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የተብላላ ኮምፖስት በሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት አንጓ እስኪቀበር አስገብተው ዙሪያውን በጣት ይጫኑት። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ከላይ ይድፉበት፤ ክዳኑን ቀን ቀን ይክፈቱ። ቦታው ብርሃን ያለው፣ የቀትር ፀሐይ የማይመታው ይሁን። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል። አዲስ ቅጠል አወጣ ማለት ሥር ያዘ ማለት እንዳልሆነ ግን ይወቁ። ጽጌረዳ በግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተደስቶ ነቅሎ ያይና ያበላሸዋል። አይንቀሉት፤ ቀስ ብለው ሲስቡት ወደ ኋላ የሚይዝ ከሆነ ሥር አለው። ከ10 አራቱ ከያዙ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ከአምስት ሳይሆን ከ15 ይጀምሩ።

ጄራኒየም ከሁሉም ይቀላል። 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን በጥላ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይትከሉ። ይህን አይሸፍኑት፤ ከተሸፈነ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይወድቃል። ጣሳዎቹን የሚወስዱ ከሆነ ዝገቱን አያራግፉ፤ ታቹ ቀዳዳ እንዳለው ብቻ በምስማር ያረጋግጡና ጣሳውን እንዳለ ሌላ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ያስገቡት።

የቀረው ጌሾው ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ከቅርንጫፉ ቆርጦ መትከል እምብዛም አይሳካም፤ ጌሾ በአብዛኛው የሚራባው በዘር ነው። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ የሚለቀመው ያኔ ነው። ሥጋውን በውኃ አሽተው ይለዩ፣ ዘሩን በጥላ አናፍሰው ሳይቆይ ይዝሩት። ከዛፉ ሥር ወድቀው ራሳቸውን ያበቀሉ ችግኞች ካሉ ደግሞ ከነአፈራቸው በማንኪያ ያንሷቸው፤ ከዘሩ ይልቅ ይህ ይፈጥናል። ዋናውን ዛፍ ለማዛወር ከፈለጉ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የአፈሩ ኳስ ስፋት ከግንዱ ውፍረት ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ኳሱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 40 ቢሆን ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ሁለት ሰው አያነሳውም። በአዲስ አበባ መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ከተነሳ ተሰንጥቆ ይፈርሳል፤ በሰኔ መግቢያ፣ አፈሩ ረጥቦ ገና ሳይጨቀይ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ቀኑ ከዝናቡ ጋር ካልገጠመ ዛፉን ለማዛወር አይሞክሩ። ዘሩንና ችግኙን ይያዙ። ቅጠሉንም አርግፈው አድርቀው ያስቀምጡ፤ ለተዝካሩ ጠላ ይሆናል፣ የሚከፋት አይመስለንም።

ኮንዶሚኒየሙን በተመለከተ፦ የበረንዳው አቅጣጫ ጽጌረዳው በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል የሚፈልገውን ፀሐይ ካልሰጠ ዋናው የጽጌረዳ ችግኝ ግቢ ያለው ዘመድ ዘንድ ይሂድ፤ እርስዎ ጋ ጄራኒየሙ ይበቃል። በእህትማማች መካከል ለሚነሳው «ለማን ይሰጥ» ለሚለውም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ቤት ሲካፈል ቢያጣላም ጽጌረዳ ለሁሉም ይበቃል።

የእናቴ ጤና አዳም እጅግ የምሳሳለት ነው። ሰሞኑን ግን ከታች ግንዱ ራቁቱን ቀረ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጫፍ ጫፉን ደግሞ የሆነ ነገር እየበላው ነው። ውኃ በየቀኑ አጠጣዋለሁ። መድኃኒት ልርጭበት?
*አንባቢ፣ ከባሕር ዳር*

አይርጩ። ከጀበናው ጋር የሚገባ ቅጠል ነው፤ የተባይ መድኃኒት ነክቶት ቡና ውስጥ አይገባም።

ሦስቱ ችግሮች ሦስት መነሻ አላቸው። ቢጫው ከውኃው ነው። ጤና አዳም የደረቅ ድንጋያማ ቦታ ተክል ነው፤ በየቀኑ ሲጠጣ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም የተጠማ ይመስል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሰው ይህን አይቶ ውኃውን ይጨምራል፤ ተክሉን የሚገድለው ያ ጭማሪ ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማዎት አያጠጡ። አፈሩ ከባድ ከሆነ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወዳለበት ዕቃ ያዛውሩት፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ከታች የምንነግርዎትን ቁራጭ ካወጡ በኋላ ነው።

የሚበላው ትል ነው። ቅጠሉን ጎንበስ ብለው ይዩ። ትንንሹ ቡናማና ነጭ የተዥጎረጎረ ስለሆነ የወፍ ኩስ ነው ብለው ያልፉታል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ለመለየት ያስቸግራል። በእንጨት ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ከራሱ ጀርባ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፣ ሽታውም ያፍናል። አይጎዳዎትም። የአንድ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው፤ ሎሚና ብርቱካን ላይም ይገኛል፣ ምክንያቱም ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ነው። በእጅ ይልቀሙት፤ ጎረቤት ሎሚ ካለ ወደዚያ ማሻገር ይቻላል፣ ጎረቤቱ ከፈቀደ። ቢራቢሮዋ ቢጫ ክብ እንቁላሎቿን ለጋ ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ስለምትጥል በየሳምንቱ ማየት ይበቃል።

ግንዱ መራቆቱ ዕድሜ ነው። ጤና አዳም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከታች እንጨት ይሆናል። ከላይ ካለው ለምለም ክፍል አንድ ሦስተኛውን ይከርክሙ፤ ቅጠል ከሌለው እንጨት ላይ ግን አይቁረጡ፣ ከዚያ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ከመከርከምዎ በፊት ሁለተኛውን ያውጡ፦ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ፣ ከታች ትንሽ የጠነከሩ የጎን ቅርንጫፎችን ወደ ታች ገንጥለው የእናቱን ልጥ ትንሽ ይዘው እንዲወጡ ያድርጉ። የታችኛውን ቅጠል አንስተው አሸዋ በበዛበት አፈር ይትከሏቸው። ጊዜው መስከረምና ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፤ በሐምሌ ዝናብ ይበሰብሳሉ።

ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ። የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው በማግስቱ እንደ ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል፤ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። በማታ ወይም በደመና ይሥሩ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በቡናም ሆነ በሻይ እንዳትጠጣው።

እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችው በሶብላ ለዓመታት በየበጋው እዚህ ግቢያችን ይበቅል ነበር። ካረፈች በኋላ እኔ ዘሩን ሰብስቤ ዘራሁ፤ በቀለ፣ ግን ሽታው የእሷ አይደለም። ጣልያኖቹ ፓስታ ላይ የሚያደርጉትን ይሸታል። ዘሩ ተበላሸ ማለት ነው? ከኢትዮጵያ አዲስ ላስመጣ?
*አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ*

ዘሩ አልተበላሸም፣ ተደባልቋል። በሶብላና የጣልያኑ ባሲል አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱ ባንድ ሰፈር ካበቡ ንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች። እርስዎ ባይተክሉም ጎረቤት ተክሎ ይሆናል። ዘር የሰበሰቡበት ተክል የእናትዎ ነበር፤ አባቱ ግን የሌላ ግቢ ነው።

ብዙ ጊዜ ማትረፍ ይቻላል። የቀረዎትን ዘር ሁሉ አይዝሩ፤ ግማሹን ያስቀምጡ። በተለይ እናትዎ በእጇ የሰበሰበችው አሮጌ ፖስታ ወይም ብልቃጥ ቤት ውስጥ ካለ ይፈልጉት። የበሶብላ ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አምስት ዓመት ገደማ ይቆያል። ከዚያም ቢያልፍ 20 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርገው ይሞክሩ፤ ውኃ ሲነካው እያንዳንዱ ፍሬ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ ነጭ ልጋግ ይለብሳል፣ ይህ ጤናማ ነገር ነው፣ ሻገተ ብለው እንዳይጥሉት። የመብቀሉ ምልክት ግን ልጋጉ ሳይሆን ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ የምትወጣው ነጭ ሥር ናት።

በመጋቢት መጨረሻ ቤት ውስጥ መስኮት ዳር 30 ፍሬ ይዝሩ። ከላይ አፈር አይጫኑበት፤ ብርሃን ይፈልጋል፣ በስሱ ነስንሰው በመርጫ ያርጥቡ። ችግኞቹ ስድስት ቅጠል ሲያወጡ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጠል በጣት አሽተው ያሽትቱ። በየመካከሉ እጅዎን ይታጠቡ፣ አለዚያ ሁሉም አንድ ይሆንብዎታል። የእናትዎን ድቁስ ወይም በርበሬ የቀመሰ ሰው፣ አክስትም ትሁን ታላቅ እህት፣ አብሮ ቢያሽት ይሻላል። ሽታው ልክ ያልሆነውን ከማበቡ በፊት ለወጥ ይቁረጡት። ልክ ከሆኑት ቢያንስ አምስት ስድስቱን አንድ ላይ አድርገው ሊያብቡ ሲሉ በስስ ሻሽ ወይም በመጋረጃ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኗቸው፤ ንብ አትግባ። በየጠዋቱ በጨርቁ ላይ ቀስ ብለው ያንቀጥቅጧቸው፣ ራሳቸው ይራባሉ። የአበባው ዘለላ ሲጠወልግና ቡናማ ሲሆን ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ያድርቁ፣ በመዳፍ አሽተው ያበጥሩ። ዓመቱን ጽፈው በብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ያስገቡ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይጨርሱ።

ከኢትዮጵያ ማስመጣቱን በተመለከተ፣ ሻንጣ ውስጥ ሸሽጎ ማምጣት አንመክርም። ወደ አሜሪካ ዘር ሲገባ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ለጥቂት ዘር የሚሰጥ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በአውሮፕላን ማረፊያም ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ አፈር የያዘ ተክል ፈጽሞ አይገባም። አውሮፓ ለምትኖሩም ከታኅሣሥ 2012 (በአውሮፓውያን ታኅሣሥ 14 ቀን 2019) ጀምሮ በተጓዥ ሻንጣ ለሚገባ የሚተከል ተክልና ዘር ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያም በኩል የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። አንድ ፖስታ ዘር ሲወረስብዎት ከማዘን እጅዎ ላይ ያለውን መለየት ይቀላል።

የአባታችንን እንሰት ለአምስት ልጆች እንዴት እናካፍለው? ቦታው ወልቂጤ አጠገብ ነው። አንዱ እንሰት ሊያብብ ነው ይላሉ ሰዎች። ሦስት ያረጁ የቡና ዛፎችም አሉ፤ አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወጣት ሳሉ የተከሏቸው ናቸው።
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

ያበበውን እንሰት ለመታሰቢያ ብሎ ማቆየት አይቻልም። እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ አሁን ካልተፋቀ ቆጮውም ይባክናል። ለዘር የሚሆኑት ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ግንዱ ከአሚቾው (ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ክፍል) በላይ አንድ ስንዝር ያህል ተትቶ ይቆረጣል፤ አሚቾው ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ያለው የማደጊያ ዓይን በቢላ ተፍቆ ይነሳል። ያ ዓይን ካልተነሳ አንድ ተክል ብቻ ያድግና ሌሎቹን ያፍናል። አሚቾው ለሁለት ወይም ለአራት ተሰንጥቆ አንድ ሁለት ቀን በጥላ ጠውልጎ፣ ፍግና አፈር ተሞልቶ ይቀበራል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ቡቃያ ይከበዋል፤ ከአንድ አሚቾ ለአምስት ልጅ ተርፎ ለጎረቤት የሚሆን ይወጣል። ዓመት ሲሞላቸው ተለይተው ይተከላሉ። እዚያ ያሉ አዛውንት እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አንድ ቀን ከፍለው ያሠሩ። የእንሰቱን ዓይነት ስምም ያኔውኑ ጠይቀው ይጻፉ። ስሙ ከጠፋ ተክሉ ቢኖርም የትኛው የአባታችሁ እንደሆነ በአሥር ዓመቱ የሚያውቅ አይኖርም።

የሚያሰጋው የአጠውልግ በሽታ ነው። የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከታጠፈ፣ የቅጠሉ እጄታ ሲቆረጥ ደግሞ ቢጫማ ፈሳሽ ካወጣ ከዚያ ተክል ምንም አይውሰዱ። በሽታው በቢላ ይተላለፋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ቢላውን በእሳት ያግሉት ወይም በበረኪና ይንከሩት። ከሠራተኛ ጋር ከተነጋገራችሁ ይህንን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ መሐል ላይ ማንም አያስታውሰውም።

ቡናው ደስ የሚል ዜና ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያራባ ከዛፉ የተለቀመ ዘር አባታችሁ የተከሉትን ይመስላል። ሙሉ በሙሉ የቀላውን ፍሬ በእጅ ፈልፍላችሁ፣ ገለባውን ሳትገፉ በጥላ አድርቁና በሳምንታት ውስጥ ዝሩ፤ በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ ይወድቃል። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች፣ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር። ለመብቀል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚፈጅበት ተስፋ አትቁረጡ። ያረጁትን ዛፎች ደግሞ ጎንድሏቸው፦ ምርት ከተለቀመ በኋላ ዝናብ ሳይገባ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት በሰያፍ። ከሚያቆጠቁጡት ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራዎችን ብቻ አስቀሩ። ሦስቱን ባንድ ዓመት ግን አትጎንድሉ። አንድ በአንድ ይሁን።

የአባቴ ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ዘንድሮ ትንንሽ ነጭ አበባ አበበ። አፈሩ ነው ወይስ ማዳበሪያው?
*አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን*

ሁለቱም አይደሉም። የተገዛ ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ጠንካራ የጽጌረዳ ሥር ላይ ተገጥሞ (ግራፍት ተደርጎ) ያደገ ነው። ላይኛው ሲደክም ወይም ውርጭ ሲመታው የታችኛው ያቆጠቁጣል፤ ያዩት ነጭ የእሱ ነው። አፈሩን ገልጠው ነጩ ቅርንጫፍ የሚነሳበትን ይከተሉ። ግንዱ ላይ ያበጠ እጢ የሚመስል መገጣጠሚያ አለ፤ ከዚያ በታች የመጣውን ሁሉ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ወደ ታች ገንጥለው ያውጡ። በመቀስ ከተቆረጠ ዓይኑ ይቀርና በእጥፍ ይመለሳል። ከመገጣጠሚያው በላይ አንድም ሕያው ቅርንጫፍ ካለ ፈጥነው በመጀመሪያው መልሳችን እንደጻፍነው ቆርጠው ይትከሉት፤ በራሱ ሥር የቆመ ጽጌረዳ ከዚህ በኋላ አይቀየርም። ከሌለ ቀዩ ሄዷል። ያኔ የሚጠየቀው አባትዎ በሕይወት ሳሉ ለማን ለማን ቆርጠው እንደሰጡ ነው። አበባ የሚወድ ሰው ያለ መስጠት አይኖርም፤ ከማኅበርተኞቻቸውና ከዕድርተኞቻቸው ይጀምሩ።

ለሙት ዓመቷ የእናቴን ሮዝመሪ መቃብሯ ላይ ልተክል አስቤአለሁ። ይቻላል? ቤት ያለው ደግሞ የደረቀ ይመስላል፤ ሞቶ ይሆን?
*አንባቢ፣ ከአዳማ*

ሁለተኛውን አስቀድመን እንመልስ፣ ምክንያቱም የሚተከለው ከእሱ ነው። በጥፍርዎ ጫፍ ከቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ልጡን ትንሽ ይፋቁ። ከልጡ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ እየወረዱ ደግመው ይፋቁ። አረንጓዴ ካገኙበት በላይ ያለውን ብቻ ያንሱ። ሮዝመሪ ቅጠል ከሌለው እንጨት እምብዛም አያቆጠቁጥም፣ ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል የያዘ ጫፍ ካለ ዛሬውኑ 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው አሸዋማ አፈር ላይ ይትከሉ፣ ዋናው ቢተርፍም ባይተርፍም። እስከ መሬት ድረስ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። አፈሩን ለአዲሱ አይጠቀሙበት፤ ሥር ያበሰበሰ ሻጋታ ሊኖርበት ይችላል። ዕቃውን ግን በበረኪና ውኃ አጥበው፣ አለቅልቀው፣ ፀሐይ አስመትተው መልሰው ይጠቀሙበት።

መቃብሩ ላይ መትከል ይቻላል፤ መጀመሪያ የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ይጠይቁ፣ የማይፈቅድ አለ። ሮዝመሪ ምርጫው መልካም ነው፤ ሥሩ እብነ በረዱን አያነሳም። ዛፍ ለመትከል ያሰቡ ካሉ ግን ይተዉት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጎረቤትን ሐውልት ጭምር ይሰነጥቃል። ዋናው ችግር ከመስከረም በኋላ ውኃ የሚያጠጣ አለመኖሩ ነው። ሥር የያዘውን ችግኝ በሰኔ መጨረሻ ይትከሉ፤ ሙት ዓመቷ በበጋ ከዋለ ለዕለቱ በዕቃ ወስደው ይመልሱትና ክረምት ሲገባ ይትከሉት። ለመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት ሊትር ይበቃዋል። በአዳማ ሙቀት ያንን የሚያደርግ ሰው ከሌለ እሬት ይትከሉ፤ እሱ ዝናቡን ይጠብቃል። የሮዝመሪው ሁለተኛ ደግሞ ቤት ይቅር።